አክብረውኝ ልሞት ነበር

አንድ ዓመት ከአራት ወር ሙሉ የታይፎይድ መድኃኒት ስወስድ ኖርኩ። ታይፎይድ አልነበረብኝም። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ ብዬ አይደለም፤ ስለተናደድኩ ነው። ትክክለኛውን መድኃኒት ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፣ የከሳው ሰውነቴ ተመልሷል፣ ስድስት ክፍለ ጊዜ ቆሜ አስተምሬ ቤቴ ስገባ ወጥ እሠራለሁ። ንዴቴ ግን አልበረደም፣ እንዲበርድም አልፈልግም።

ኮምቦልቻ ውስጥ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል የሳይንስ አስተማሪ ነኝ። ይህን ልብ በሉልኝ። ኤች አይ ቪ በምን እንደሚተላለፍ፣ በምን እንደማይተላለፍ ለአሥራ ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ። ፈተና አውጥቼበታለሁ። «በመጨባበጥ ይተላለፋል» ለሚለው ጥያቄ «እውነት» ብሎ የመለሰ ልጅ ላይ ኤክስ አድርጌያለሁ። የትምህርት ቤታችን የፀረ ኤድስ ክበብ ተጠሪም ነበርኩ፤ ክበቡ በነበረበት ጊዜ ማለቴ ነው። አሁን ክፍሉ የተሰባበረ ዴስክ ማጠራቀሚያ ሆኗል። «ኤድስ እኮ ጠፋ» ይላሉ ሰዎች። የጠፋው ወሬው ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ ረመዷን በወጣ በሳምንቱ ነው። ከሰዓት በኋላ ትኩሳት ይለቅብኛል፣ ሲመሽ ያልበኛል፣ ሆዴ አልረጋ ይላል። ባለቤቴ ኑሩ፣ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው፣ «ጾሙ ነው የጎዳሽ» አለኝ። እኔም ጾሙ ነው ብዬ ሰነበትኩ። አልሻል ሲለኝ ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ሄድኩ። ደም ሰጠሁ፣ ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ፣ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ተባልኩ። አሥር ቀን መርፌ ተወጋሁ። ለሁለት ሳምንት ተሻለኝ። ከዚያ ተመለሰ። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፤ «ታይፎይዱ አልለቀቀሽም» አሉኝ፤ መርፌው ተቀየረ። ሦስተኛው ጨጓራ ነው አለ። አራተኛው የደም ማነስ ነው ብሎ ጉበት ብዪ፣ ቀይ ሥር ብዪ አለኝ። አንዱ ደግሞ ደም እንኳ ሳይወስድ ዓይኔን ገልጦ አየና «የጦርነቱ ጭንቀት ነው፣ ብዙ ሰው ላይ እያየን ነው» ብሎ የእንቅልፍ ኪኒን ጻፈልኝ። በአምስቱም ክሊኒክ «ኤች አይ ቪ ተመርምረሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም።

ለምን አልጠየቁኝም? ሒጃብ አደርጋለሁ። ባለትዳር ነኝ። ባሌን ከተማው ያውቀዋል። አስተማሪ ነኝ። ጨዋ ነኝ ማለት ነው። ጨዋ ሰው ደግሞ አይጠየቅም።

በክሊኒኮቹ ብቻ አልፈርድም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። እኔና ኑሩ ኒካሕ ከመታሰሩ በፊት ሽማግሌዎቹ «የደም ምርመራ ወረቀት አምጡ» ብለውን ተመርምረን ነበር፤ ሁለታችንም ነፃ። ልጃችንን ኢክራምን ሳረግዝም ተመርምሬያለሁ፤ ነፃ። ስለዚህ በእኔ ሒሳብ ነገሩ ያኔ ተዘግቷል። የዘጠኝ ዓመት ወረቀት የዛሬ ደሜን ይናገራል ብሎ ማመን ምን ዓይነት ሳይንስ ነው? ተማሪዬ እንዲህ ብሎ ቢጽፍ ዜሮ ነበር የምሰጠው።

በአሥረኛው ወር ላይ በቀኝ ጎኔ፣ ከጀርባዬ እስከ ጡቴ ሥር፣ እሳት የነካው የመሰለ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣብኝ። ልብስ ሲነካው እጮሃለሁ። ጎረቤቶቼ አይተው «አልማዝ ባለጭራ ነው፣ ሐኪም አያውቀውም» አሉና አንዷ ቅጠል ወቅጣ ቀባችኝ። ቆዳዬ ተላጠ። በዚያ ላይ ምላሴ እንደ እርጎ ነጭ ነገር ለበሰ፣ ምግብ መዋጥ አቃተኝ። ኑሩ «ኮምቦልቻ ይብቃን፣ ደሴ እንሂድ» አለ። ደሴ ላይ ቀድሞ ያስተማርኩት ልጅ፣ እንድሪስ፣ ጤና መኮንን ሆኖ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ እንደሚሠራ ሰምተን ነበር።

እንድሪስ ሲያየኝ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ቲቸር! አፊያ ነዎት?» ከወረፋው መሀል አወጣኝ፣ ወንበር አቀረበልኝ፣ ለኑሩ ውኃ አስመጣለት። የፀረ ኤድስ ክበብ ጸሐፊዬ ነበር፤ ጽሑፉ ያምር ስለነበር መፈክሮቹን ሁሉ የሚጽፈው እሱ ነው። ጎኔን አየ። ምላሴን አየ። ስንት ኪሎ እንደቀነስኩ ጠየቀኝ። ከዚያ ብዕሩን አነሳና የላብራቶሪ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈ፤ ቀና ብሎ እኔን አየ፣ ኑሩን አየ፣ የጻፈውን ሰረዘው። «አብሽሪ ቲቸር… ማለቴ፣ ያብሽሩ። የሰውነት መዳከም ነው። ቫይታሚን እጽፍልዎታለሁ፣ የአፍዎንም መድኃኒት እሰጥዎታለሁ» አለኝ። ክፍያ አልቀበልም ብሎ በአላህ ስም ማለ፣ እስከ ሚኒባሱ ድረስ ሸኘኝ።

ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ መንገዱን ሙሉ ሳመሰግነው ነበር። «ልጅ ማስተማር ለካ እንዲህ ነው» አልኩት ኑሩን። ደስ ብሎኝ ነበር። የምሞትበትን ቀን በስድስት ወር አቅርቦልኝ ነው የሸኘኝ።

ከዚያ በኋላ በስድስተኛው ወር ስምንተኛ ቢ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ወደቅሁ። አንዱ ተማሪዬ አዝሎ አወጣኝ፤ አንድ ተማሪ አስተማሪውን ብቻውን መሸከም ሲችል፣ አስተማሪዋ ምን ያህል እንደቀለለች አስቡት። ደሴ ወደ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ወሰዱኝ። ድንገተኛ ክፍል አልጋ ስላልነበረ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጋደምኩ። ከፊቴም ከኋላዬም ሰው ነው። አንዲት ነርስ ካርዴን ይዛ መጣች፤ ፊቷ የደከመ፣ ድምፅዋ ከገበያ የመጣ ይመስላል።

«ኤች አይ ቪ ተመርምረሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ፣ እዚያ ሁሉ ሰው መሀል።

ኮሪደሩ ሁሉ ዞሮ አየኝ። «ባለትዳር ነኝ» አልኩ።

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ።»

ኑሩ ተነሳ። «ሚስቴን ማን አድርገሽ ነው የምታያት? አስተማሪ ናት!»

«ይሁና» አለች። «አስተማሪ ደም የለውም? ክንድሽን አምጪ።» ከዚያ ትንሽ ጎንበስ ብላ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ፈቃድሽ ካልሆነ አልነካሽም። ግን ታመሻል፣ ጊዜ የለሽም» አለችኝ። ክንዴን ሰጠኋት።

በሕይወቴ እንደዚያች ነርስ ያለ ባለጌ አላየሁም። ያዳነችኝም እሷ ናት።

ውጤቱን የነገሩኝ በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው። ቫይረሱ ደሜ ውስጥ ተገኝቷል። ሳንባዬ ላይ ቲቢም ነበር። ሲዲፎር የሚባል ቁጥር አለ፤ በሽታ የሚከላከሉ ሴሎቻችን ስንት እንደቀሩ የሚለካበት ነው። የጤነኛ ሰው ከአምስት መቶ በላይ ይሆናል። የእኔ ሠላሳ አንድ ነበር። ሐኪሙ ወረቀቱን እያየ «ትንሽ ቀደም ብለሽ ብትመጪ» ሲል ጀመረና ተወው። መጥቻለሁ እኮ! አንድ ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ስመጣ ነበር። ልጮህበት ፈለግሁ፣ አቅም ግን አልነበረኝም።

ስለ ራሴ ያሰብኩት ለአፍታ ነው። ኢክራም ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። ስትወለድ ነፃ ነበርኩ፤ ግን ሁለት ዓመት አጥብቻታለሁ፣ ደሜ ውስጥ መቼ እንደገባ ደግሞ ማንም ሊነግረኝ አይችልም። ጡት በማጥባት ሊተላለፍ እንደሚችል ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ ከሥሩ አስምሬ አስተምሬያለሁ።

በማግስቱ ኑሩ አመጣት። የራሱን ውጤት ያን ጠዋት ሰምቷል፤ እሱም አለበት። ኢክራም ከጣቷ ደም ተወሰደላትና ኮሪደሩ ላይ በእኛ መሀል ተቀመጠች። ሃያ ደቂቃ ጠብቁ ተባልን። ከትምህርት ቤት ስለቀረች ደስ ብሏታል፣ እግሯን ታወዛውዛለች። «እማ፣ እኔም አሞኛል?» አለችኝ። «አላመመሽም» አልኳት። «ታዲያ ለምን ወጉኝ?» ኑሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያኔ የማምነው ነገር ሁሉ ከውስጤ ወጥቶ አንድ ልመና ብቻ ቀርቶኝ ነበር፦ ያ ረቢ፣ እኔን ውሰደኝ፣ ይህችን ተዋት። ከነርሷ በፊት የላብራቶሪው ሰውዬ ራሱ ወጣ። ወረቀቱ ተመዝግቦ እስኪደርስ መጠበቅ ሲችል፣ ጓንቱን እንኳ ሳያወልቅ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለና «ልጅሽ ነፃ ናት» አለኝ። ስሙን አላውቅም። በየሶላቴ ዱዓ አደርግለታለሁ።

አሁን «ከየት አመጣሽው?» ወደሚለው እንምጣ፤ ሁላችሁም ልባችሁ ያለው እዚያ ላይ ነውና። አልነግራችሁም። ከማን ወደ ማን እንደሄደ እኔና ኑሩ እናውቃለን፣ ተጣልተንበታል፣ ተላቅሰንበታል፣ አንድ ቤት ውስጥ እየኖርን ነው። ታይፎይድ የያዘውን ሰው የማንን ውኃ ጠጣህ ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ይህቺ ጥያቄ ናት ሰውን ከምርመራ የምታሸሸው። ሰው ቫይረሱን አይፈራም፣ እናንተን ነው የሚፈራው።

እናንተን ስንፈራ የምንሆነውን ልንገራችሁ። ኮምቦልቻ የሚኖረው መድኃኒቱን ደሴ ወጥቶ ይወስዳል፤ ደሴ የሚኖረው ኮምቦልቻ ይወርዳል። ሐረጎ ዳገት ላይ ሚኒባሶቻችን ይተላለፋሉ። እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር፤ ሙቀት ውስጥ ካፖርት ይዤ ወጥቼ፣ ለሚጠይቀኝ «ዘመድ ልጠይቅ» እላለሁ። አንድ ቀን የመድኃኒት መስጫው በር ላይ ከራሴ ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ ጋር ግንባር ለግንባር ተገጣጠምን። ሁለታችንም ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የወባ ማስታወቂያ ማንበብ ጀመርን። ለአሥር ደቂቃ ስለ ወባ አነበብን። በማግስቱ መምህራን ክፍል ውስጥ «እንዴት አደርክ» ስለው ጠመኔው ከእጁ ወደቀ። ምን ሠርተን ነው እንደ ሌባ የምንደበቀው? የምንውጠው በቀን አንድ ኪኒን ነው። ዛሬ የቫይረሱ መጠን ደሜ ውስጥ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ደርሷል፤ ይህ ማለት መድኃኒቴን እስካላቋረጥኩ ድረስ ባሌ ነፃ ቢሆንና አብሬው ብተኛ እንኳ አላስተላልፍበትም ማለት ነው። ይህን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ?

መራመድ ስችል መጀመሪያ የሄድኩት እንድሪስ ጋ ነው። አሁንም ብድግ አለ። «ተቀመጥ» አልኩት። ካርዴን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። አነበበና ፊቱ አመድ መሰለ።

«ያን ቀን ምን ጽፈህ ነው የሰረዝከው?»

«ቲቸር…»

«ምን ጽፈህ ነው?»

«ገብቶኝ ነበር» አለ፤ ዓይኑ ሞላ። «ወላሂ ገብቶኝ ነበር። አልማዝ ባለጭራውን ሳይ ገባኝ፣ አፍዎን ሳይ አረጋገጥኩ። ግን ለቲቸር እንዴት እንዲህ ይባላል? ባለቤትዎ አጠገብዎ ተቀምጠው! እርስዎን እንዴት በዚህ ልጠርጥር? አከብርዎታለሁ እኮ።»

«አክብረኸኝ ልትገድለኝ ነበር» አልኩት።

ብዙ ልናገረው ተዘጋጅቼ ነበር። መንገዱን ሙሉ ስድብ ስመርጥ ነው የመጣሁት። ግን እዚያ ተቀምጬ ሲያለቅስ ሳየው አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ንዴቴም አቅጣጫውን ቀየረ። ይህንን ትምህርት ሳስተምር ሁልጊዜ ሰሌዳው ላይ ሥዕል እሥል ነበር። በአንድ በኩል የከባድ መኪና ሾፌርና መጠጥ ቤት የምትሠራ ሴት። በሌላ በኩል አባት፣ እናት፣ ልጅ። መሀላቸው መስመር። እንድሪስ ያንን ሥዕል ደብተሩ ላይ አሳምሮ ገልብጦ ከአሥር አሥር አግኝቷል። ይህ በሽታ የእነዚያ ነው፣ የእነዚህ አይደለም ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ታዲያ እኔን ከየትኛው ወገን ሊያደርገኝ ኖሯል? በስንት ክሊኒክ ውስጥ ስንት ተማሪዬ ተቀምጦ ያንን መስመር እየጠበቀ ይሆን?

ይህን ካወቅሁ በኋላም ግን ምስጢሬን ይዤ ዝም አልኩ። ስለ ኢክራም ብዬ ነው። ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ ምን እንደሚሉ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ባለፈው ዓመት የቅሬያችን ሴቶች ዘይነብን ለመጠየቅ ሄድን። ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ሰው ሲሞትም ሲታመምም አብረን እንሄዳለን። ዘይነብ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ የእማማ ዘሐራ ምራት፣ የአንድ ልጅ እናት። ፍራሽ ላይ ተኝታለች፤ ጉንጯ ጠልቆ አጥንቷ ወጥቷል። ግድግዳውን ተደግፈን ተቀመጥን።

«ምንድን ነው አሉሽ?» አለቻት አንዷ።

እማማ ዘሐራ መለሱላት። «ታይፎይድ ነው። አምስተኛ መርፌዋ ነው፣ አልለቅ አላት።»

«አብሽሪ ዘይነብ፣ አላህ ያሽርሽ» አሉ ሁሉም። «ታይፎይድ ክፉ ነው፣ ይመላለሳል።»

ዘይነብ ወደ እኔ አየች። እነዚያን ዓይኖች አውቃቸዋለሁ፤ ለአንድ ዓመት ከአራት ወር መስታወት ውስጥ አይቻቸዋለሁ። «አላህ ያሽርሽ» ብዬ መነሳት እችል ነበር። ወይም ቆይቼ ለብቻዋ ልነግራት እችል ነበር። ግን አማቷ ለደቂቃም ከአጠገቧ አይለዩም፤ እኔም ነገ ብዬ ከወጣሁ እንደማልመለስ አውቃለሁ፣ ፈሪ ነኝና።

«ዘይነብ» አልኩ፣ «ኤች አይ ቪ ተመርምረሽ ታውቂያለሽ?»

«አዑዙ ቢላህ!» አሉ እማማ ዘሐራ ብድግ ብለው። «ቤቴ ገብተሽ! ባለትዳር ናት እኮ! አንቺን አስተማሪ ብለን ብናከብርሽ!»

«እኔም ባለትዳር ነኝ እማማ» አልኳቸው። «እኔም አለብኝ። እኔንም ታይፎይድ ነው ብለውኝ ነበር። ሊቀብሩኝ ትንሽ ነበር የቀራቸው።»

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሸርተት አለች። አስተውላችኋል? ሸርተት አለች። ለስድስት ዓመት አብሬያት ከአንድ ትሪ በልቻለሁ። እማማ ዘሐራ በሩን አሳዩኝ፤ ወጣሁ።

ሳይመሽ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ኑሩ ለሁለት ቀን አላናገረኝም። ኢክራም ከትምህርት ቤት መጥታ «ልጆቹ እናትሽ ኤድስ አለባት አሉኝ» አለችኝ። አስቀምጬ እንደ ተማሪ አስረዳኋት፤ በዚህ ጊዜ ግን ሥዕሉን ሳልሥል። ሰምታ ጨረሰችና «ታዲያ መድኃኒት እየዋጥሽ አይደል?» ብላ ምሳዋን ጠየቀችኝ።

በሦስተኛው ሳምንት በራችን ተንኳኳ። ስከፍት እማማ ዘሐራ ናቸው። ግቡ ብላቸው አልገባም አሉ፤ ደፉ ላይ ቆመው ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

«ነፃ ናት!» አሉኝ። «ሰማሽ? ነፃ ናት! ከንቱ ነው ስሟን ያጠፋሽው። ካንቺ ጉድ ለመገላገል ብለን አስመረመርናት፣ የለባትም። ስኳር ነው የተገኘባት። ደሟ በሙሉ ስኳር ሆኗል አሉን፣ ሁለት ቀን ብትቆይ ራሷን ስታ ትቀር ነበር አሉን።»

«አሁን እንዴት ናት?»

«የስኳሩን መርፌ ጀመረች። ዛሬ ራሷ ተነስታ ልጇን አጠበች።» አሁንም ጣታቸው አልወረደም። «ግን ስሟን አጥፍተሻል!»

«አጥፍቻለሁ እማማ» አልኳቸው። «አውፍ ይበሉኝ። ነገም ሌላ ሰው እንደዚያ ተኝቶ ባይ አጠፋዋለሁ።»

እስኪሄዱ ጠበቅሁ። አልሄዱም። መንገዱን ግራና ቀኝ አዩ፤ ጣታቸው ቀስ ብሎ ወረደ።

«የልጆቼ አባት ሲሞቱ ጉበት ነው ነበር ያሉን» አሉ። «ሰባት ዓመታቸው። እሳቸውም እንደዚያ ከስተው፣ አፋቸው ነጭ ሆኖ፣ መዋጥ አቅቷቸው ነው የሄዱት። ትልቅ ሰው ነበሩ፣ ሁሉም ያከብራቸው ነበር። ማንም ምንም አልጠየቀንም።» የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። «ከዚያ ወዲህ እኔም ሌሊት ያልበኛል ልጄ። ለማን እነግረዋለሁ?»

«እንግዲህ» አሉኝ እማማ ዘሐራ፣ «የኔንም ስም አጥፊልኝ።»

ነገ አላልኳቸውም። ሻርፔን አነሳሁና ክንዳቸውን ይዤ ወጣን።